ስፒል በከንፈር

ያንን የተኩስ ቪዲዮ ጨዋታ ለልጄ የገዛሁላት እኔው ነኝ። እህቴ «ይሄ ነገር ልጅቷን ጨካኝ ያደርጋታል» ስትለኝ፣ «የኔዋ ልጅ? ዝንብ እንኳን አትገድልም!» ብዬ ጥብቅና ቆምኩላት።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ስሠራ ስፒሎቹን በከንፈሬ ስለምይዝ ሳወራ እኮላተፋለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ እኔ የቀሚስ ጠርዝ ስሰፋ፣ ልጄ አጠገቤ ትጫወት ነበር። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዱን ሰውዬ ተኩሳ መታችው። ሰውየው በተኮላተፈ ድምፅ «እማዬ፣ ቀስ!» አላት። ሲወድቅ ከከንፈሩ ስፒል ረገፈ።

እሷን «እማዬ» የምላት እኔ ብቻ ነኝ።

«ማነው እሱ?» አልኳት።

«እንጃ። ስንቴ ገደልኩት መሰለህ! ሁሌ የሚለው ያው ነው» አለችኝ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል።

ሰውየው እንደገና ተነሳ። እሷም እንደገና አነጣጠረች። ፊቱን አየሁት።

«ተይ እማዬ! እኔ እኮ ነኝ፣ አባትሽ!» ብዬ ስጮህ ስፒሎቹ ከአፌ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

ልጄ ጆይስቲኩን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። የወደቁትን ስፒሎች አየቻቸው።

«አዎ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሰውየውም መጨረሻ ላይ እንዲህ ነው የሚለው።»