ምን አመመኝ?

«ማንበቡን ጨርሻለሁ፤ ወረቀቴም ያውልሽ!» ይሉኛል አዴ ኸዲጃ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀታቸው ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት የሰንደዶ ስፌቶች መሐል በመስታወት ተሰቅሏል። ከቀበሌ የተላክሁ አስተማሪ መስያቸዋለሁ።

«እማ፣ ከጤና ጣቢያ ናት። እኔ ነኝ የጠራኋት» ትላለች ልጃቸው ለይላ።

«ለማን?»

«ለአንቺ ነዋ!»

አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሰባት ወሬ ነው፤ የትልቅ ሰው እጅ ስይዝ አሁንም አፍራለሁ። የእሳቸው እጅ ቀዝቅዟል፣ በላብም ርሷል። የልብ ምታቸውን እቆጥራለሁ፤ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ እንደገና ይሮጣል። ለይላ እንደነገረችኝ ከትናንት ጀምሮ መደቡ ላይ ለመውጣት እንኳ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ስኳር ከያዛቸው አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል።

«ደረትዎን ያመዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም።»

የፈራሁት ይህንን መልስ ነበር።

«አዴ፣ ስኳር ያለበት ሰው ልቡ ሲታመም ሕመሙ ላይሰማው ይችላል። አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለብዎት።»

ይስቃሉ። ሳቁን ሳይጨርሱት ትንፋሽ ያጥራቸዋል። «ሰማሽ ለይላ? ታመሻል፣ ግን አላመመሽም አለችኝ! ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ይህንን ነው?»

ባላቸው ሙሜ ከሞቱ ወዲህ ኢዳ፣ የመበለት ሐዘን፣ ላይ ናቸው። አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አይወጡም፤ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷቸዋል። ግቢው ውስጥ ተከራያቸው ልብስ ሰፊው እንደሻው፣ ባዕድ ወንድ፣ ስለሚውል እዚያም ወጥተው አያውቁም። ከሐዘኑ በፊት አንድ ሐኪም፣ ለአጥንትዎ ቫይታሚን ዲ ያስፈልግዎታል፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሙቁ ብሏቸው ነበር። አሁን ፀሐይዋ በበሩ ትገባና ምንጣፉ ጫፍ ላይ ትቆማለች። እግራቸውን ወደዚያ ዘርግተዋል።

«ሼኹ ለታመመ ይፈቀዳል ብለዋል እኮ፣ እማ።»

«ለታመመ። እኔ ምን አመመኝ?»

ውጭ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ ይላል። «አዴ፣ እኔ ከግቢው ልውጣልዎት። ታክሲም ልጥራ» ይላል እንደሻው፣ ወደ ውስጥ ሳያይ።

«አንተ ሥራህን ሥራ! የሰው ቀሚስ ለዓርብ ይደርሳል ብለህ የለም?»

መኪናው ትንሽ ቆይቶ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። እኔ «እለምንዎታለሁ» እላለሁ፤ ድምፄ ለራሴም በደንብ አይሰማኝም። እጄን በሁለት እጃቸው ይይዙታል። የሚያጽናኑት እሳቸው ናቸው።

«አሥራ ሁለት ቀን ምን አላት፣ ልጄ? ኢንሻአላህ በገዛ እግሬ እመጣልሻለሁ።»

ለሆስፒታሉ ወረቀት እጽፋለሁ። በጥንቃቄ ያጥፉትና ከትራሳቸው ሥር ያደርጉታል። ለይላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ጫማዬን ሳደርግ ፀሐይዋ ከእግራቸው ላይ ወርዳለች፤ ደፉ ላይ ደርሳለች።

በማግስቱ ጠዋት ዐረፉ። ከቀትር በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ፣ ወንዶቹ ተሸክመው በከተማው ግንብ በፈላና በር በኩል ወደ ፀሐይ አወጧቸው።