ቅቤ የተቀባ ክንድ

«እጅጌዎን ይሰብስቡ፣ ቆዳዎን ልይ» አለች ሲስተር እስከዳር፣ የቲቢውን ኪኒን በመዳፏ እንደያዘች።

«ብርድ ይዞኛል» አሉ ኦቦ ጎሊቻ። የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ግን በነገሌ ፀሐይ ይንጣጣል።

ሠላሳ ዓመት በከብት ገበያ ደላላ ሆነው ኖረዋል። ሻጭ የበሬውን እከክ በቅቤ ሸፍኖ ሲያመጣ «ወደ ፀሐይ አዙረው» ይሉታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰወር ነገር የለም። አሁን የሚመረምሩት የነርሷን ፊት ነው። እንደሳቸው የቲቢ ሕመምተኛ የነበረው ጎረቤታቸው አብዱባ በቆዳው የወጣውን ሽፍታ ለነርሶቹ ባሳየ ዕለት ኪኒኑን ተከለከለ፤ ዓመቱ ሳይሞላ ተቀበረ። እሳቸውን ደግሞ ደም የሚያስተፋው ሳል ገና አሁን መተዉ ነው። ሰውነታቸውን ማሳከክ ከጀመራቸው አምስት ቀን ሆነ፤ ለሚስታቸው እንኳ አልተናገሩም።

እስከዳር እጅጌውን ራሷ ገለጠችው። ጣቷን ክንዳቸው ላይ ብታሳርፍ አንሸራተታት። አሸተተችው።

«ቅቤ ነው፣ አባባ?»

«ቆዳዬ ደርቆብኝ ነው።»

«ከሥሩ ያለው ቀይስ?»

ክንዳቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ኪኒኑን ወደ እሽጉ መለሰችው። የፈሩት ደረሰ።

«እንደ አብዱባ ልትተዉኝ ነው።»

«አብዱባን ሽፍታው ሲጠፋ ተመለስ ብለን ቀጥረነው ነበር። የቀረው እሱ ነው።»

«የሞተ ሰው አይመሰክርም፣ ልጄ።»

እስከዳር አልተቆጣችም። «በዚህች ፍሬ ውስጥ አራት መድኃኒት አለ። ለቆዳዎ ያልተስማማው ምናልባት አንዱ ነው። ሽፍታው እስኪከስም ሁሉንም እናቆማለን፤ ከዚያ ሐኪሙ እያየ አንድ አንዱን እንመልሳለን። እርስዎስ ከመንጋው ተዋጊው የቱ እንደሆነ ሳይታወቅ ሲቀር ምን ያደርጋሉ?»

«ሁሉንም በረት እዘጋባቸዋለሁ» አሉ፣ ወጥመድ እንደሚፈራ ሰው ቃሉን እየመጠኑ። «ከዚያ አንድ በአንድ አወጣለሁ።»

«ለአንዱ ሲሉ መንጋውን አይሸጡም።»

ዓይን ዓይኗን አዩአት። የሚዋሽ ሻጭ ዓይኑ ቀድሞ ወደ በሬው ገመድ ይወርዳል። የእሷ አልወረደም።

«የምመለስበትን ቀን ጻፊልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ብቀር ደግሞ ቤቴን ታውቂዋለሽ።»

ከዚያም በጋቢያቸው ጫፍ ቅቤውን ከክርን እስከ አንጓ ጠረጉና፣ ክንዳቸውን በመስኮቱ ወደሚገባው ፀሐይ አዞሩት።