የማይዝገው ታንከር

የላቦራቶሪው ኃላፊ ከጠዋት ጀምሮ ኪሱን እያንቃጨለ ይንጎራደዳል። የተጣራ ውሃ የሚጠራቀምበት የስቴንለስ ታንከር ገና በሦስት ወሩ ውስጡ ዝጎ የበሽተኛውን ሁሉ ምርመራ አበላሽቶበታል።

«አይዝግም ብለው ቆርቆሮ ሸጡልን!» ብሎ ታንከሩን በሠሩት በጋሽ ውብሸት ላይ ጮኸ።

ጋሽ ውብሸት ማግኔት ለጠፉበት፤ ማግኔቱ ወደቀ። «ይኸው፣ ንጹሕ ስቴንለስ ነው።» ከዚያ ክዳኑን አስከፍተው አሸተቱ። «በረኪና! የዚህ ብረት ጠላቱ እሱ ነው። ማነው የሚያጥበው?»

ኃላፊው ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ዞረ። «ስንቅነሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ተሰናብተሻል!»

«ምነው ጋሼ?» አለች ስንቅነሽ። «‹ያንቺ እጥበት አያረካኝም፣ እኔው ራሴ አጥበዋለሁ› ብለው የክዳኑን ቁልፍ የወሰዱብኝ እርስዎ አይደሉ?»

የኃላፊው ኪስ መንቃጨሉን አቆመ።