ከነጩ ቀለም ሥር

«ነጭ ነው የገዛሁት! ወላሂ ነጭ ነው!» አለ ዳውድ።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» ገብረየስ የያዘውን የቀለም መፋቂያ ስፓቱላ ከጀልባው ጎን አስደገፈው። ነጩ ቀለም በተፋቀበት ቦታ ሁሉ ቀይ ይታያል። «ዓይን አለህ አይደል? ምንድን ነው?»

«ቀይ ነው። እና? እኔ ቀባሁት? ኡስታ፣ ሞተር ቀይርልኝ ነው ያልኩህ። እንደ ፖሊስ ጠይቀኝ አላልኩህም።»

ሙሄዲን መጋዙን ጥሎ ከጀልባው ማዶ መጣ። «ለምን አይጠይቅህም? ወንድሙን የገደለው ጀልባ ቀይ ነበር። ከማን ገዛኸው? ንገረው!»

«ከአንድ ሰውዬ። አሁን የለም። ባሕር ተሻግሮ ኸሊጅ ሄዷል።»

«ሻጭ መቼም ሁልጊዜ እንደሄደ ነው» አለ ሙሄዲን።

ዳውድ አባቱ ሱዳናዊ፣ እናቱ የወሎ ሴት ናት። ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ጀልባው የቆየ የጣሊያን ሥራ ነው፤ ከእንጨት የተሠራ፣ አፍንጫው የረዘመ፣ ለእሽቅድምድም የታሰበ። የቤንዚን ሞተሩ ዝጎ ደርቋል። ዳውድ አዲስ የጃፓን ሞተር አስገብቶ በዒድ ቀን ዓባይ ላይ ሊያበረው ፈልጎ ነበር። ስለዚህ ካላክላ ሰፈር ወዳለው የገብረየስና የሙሄዲን ወርሻ፣ ወደ ጥገና ቤታቸው፣ አመጣው። ሞተሩ የገብረየስ ሥራ ነው፤ እንጨቱ የሙሄዲን።

ሥራውን ሲጀምሩ ደስ ብሏቸው ነበር። ሙሄዲን የበሰበሰውን ወለል አውጥቶ በአዲስ ሳንቃ ተካው። አዲሱ ሞተር ከአሮጌው ስለሚከብድ የሚቀመጥበትን አግዳሚም አወፈረለት። ቪቴ ባሰረ ቁጥር፣ ጠብቆ ካለቀ በኋላ እንኳ፣ የቪቴው ራስ ላይ ያለው መስመር ወደ ጀልባው አፍንጫ እስኪያይ ድረስ በካቻቪቴው ጥቂት ይገፋዋል።

«በስቱኮ ልትደፍነው!» ይለው ነበር ገብረየስ እየሳቀ። «ካርቱም ሙሉ ቢፈለግ እንዳንተ ያለ ሞኝ አይገኝም።»

«እንደ ሰጋጅ ሰልፍ ይዘው ሲቆሙ ደስ ይለኛል፣ ያ አኺ። አንተ ዘይትህን ጠጣ።»

ከዚያ ገብረየስ ጎኑን መፋቅ ጀመረ። ሳቁም ቆመ።

ወንድሙ ሰብስቤ ወንዙ ዳር ባለው በማንሺያ ሰፈር የአንድ ቪላ ዘበኛ ነበር። ያኔ እዚያ ገና ድልድይ አልተሠራም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሊታጠብ ወደ ወንዙ ወረደ። ቀይ ጀልባ እየበረረ መጥቶ ገጨውና ሳይቆም አለፈ። ከዳር ሆና ያየችው ሬሕማ የምትባል የጎረቤት ቤት ሠራተኛ ብቻ ናት። የጀልባውን ቀለም እንጂ የነዳውን ሰው አልለየችም። ፖሊስም ገብረየስም ፈለጉ። በካርቱም ዳርቻ ሁሉ ቀይ ጀልባ ጠፋ።

ገብረየስ ከሙሄዲን ጋር የተዋወቀው በቀብሩ ላይ ነው። ሙሄዲን ከነሥራ ልብሱ መጣ። ጥፍሮቹ ውስጥ ነጭ ቀለም ደርቆ ነበር። አካፋ ከሰው እጅ ተቀብሎ አፈር መለሰ፤ ከዘመድ በላይ አለቀሰ። የአገሬ ሰው ሞተ ሲባል ሰምቼ ነው አለ። ከሳምንታት በኋላ ገብረየስን ወደ ወርሻው ወሰደውና የሥራው እኩል ባለቤት አደረገው።

ገብረየስ ለእናቱ ሰብስቤ በወባ ሞተ ብሎ ነግሯታል። ገዳዩን ያገኘ ቀን እውነቱን ሊነግራት ለራሱ ቃል ገብቷል።

ሙሄዲን የዳውድን ኮሌታ ጨምድዶ ያዘ። «ነፍሰ ገዳይ! ሰው በልተህ ዒድ ልታከብር!»

ዳውድ አልታገለም። «ያላ፣ ፖሊስ ጥራ። እኔ አልፈራም። አንተ ግን ኢቃማ አለህ?»

የሙሄዲን እጅ ላላ። የሁለቱም የመኖሪያ ፈቃድ ካለፈ ቆይቷል።

«ነገ እመጣለሁ» አለ ዳውድ ኮሌታውን እያስተካከለ። «ሻጩ ወንድም አለው፣ ባህሪ ሰፈር ነው የሚኖረው። እሱን ይዤ እመጣለሁ። ጠይቁት። ኻላስ።»

መኪናው ከሄደ በኋላ ገብረየስ ከመሣሪያዎቹ መካከል ትልቁን መዶሻ አነሳ።

«ማንንም ይዞ ቢመጣ ውሸት ነው» አለ። «ነገ ከዚህ በሕይወት አይወጣም።»

ሙሄዲን መዶሻውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ተው አላለውም።

«መግሪብ ሰግጄ ልምጣ» አለ በመጨረሻ። «አፍንጫውን አትንካው፤ እሱን እኔ እፍቀዋለሁ። አንተ ደክሞሃል፣ ዕረፍ ወንድሜ።»

ገብረየስ ማረፍ አልቻለም። ጥቂት ተቀመጠና ተነሳ። መዶሻውን በአንድ እጁ እንደያዘ ስፓቱላውን በሌላው አነሳና የጀልባውን አፍንጫ ይፍቅ ጀመር። ነጩ እየተላጠ ወረደ። ከሥሩ ቀዩ ወጣ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቀዩ በቀጥታ መስመር ተቋረጠ። እዚያ ከነጩ ሥር ያለው ስቱኮ ነው፤ ከስቱኮው ሥር ከሌላው የተለየ ሳንቃ አለ።

ሰብስቤ የተገጨው እዚህ ላይ ነው። እንጨቱ ተሰብሮ ነበር፤ ዳውድ አስጠግኖታል። ሳንቃውን ነቅሎ ነገ ፊቱ ላይ ሊያስቀምጥለት አሰበ። ካቻቪቴ አመጣና ስቱኮውን በጫፉ ማርገፍ ያዘ።

ሙሄዲን ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ገባ። «ዕረፍ አላልኩህም?» አለ ከበሩ። ከዚያ የተፋቀውን ቦታ አየና ቆመ።

ስቱኮው ረግፎ ቪቴዎቹ ወጥተዋል። ከላይ እስከ ታች፣ የአንዱም ሳይቀር፣ ልክ እንደ አዲሱ ወለል ቪቴዎች፣ ራሳቸው ላይ ያለው መስመር ወደ ጀልባው አፍንጫ ያያል።

ገብረየስ መዶሻውን መሬት ላይ አኖረ፤ በሙሄዲን አጠገብ አልፎም ወጣ።