አልተሰማም

ሦስተኛዋ ሽቦ አልይዝ ብላ ስላስቸገረቻት፣ ገልባጯ መበየጃውን ወደ ጎን አድርጋ የተለበለበ ጣቷን አራገበች። ከዚያ የሽቦዋን ጫፍ በጥርሷ ላጠችና እንደገና አስጠጋቻት። እርሳሱ ቀልጦ ጠብ አለ፤ ወዲያው ደረቀ።

«አሁን ያዝሽ» አለቻት፣ ሰው የምታናግር ይመስል።

መበየጃው የተሰካው የሻይ ማፍያው ሶኬት ላይ ነው። የችሎት የድምፅ ቅጂ እየሰሙ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጡት የፍርድ ቤቱ ድምፅ ገልባጮች በሙሉ ምሳ ወጥተው ክፍሉ ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ፊት ለፊቷ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጧል። በውስጡ ከተጣለ የኮምፒውተር ስፒከር የነቀለቻት ስምንት እግር ያላት ቺፕ አለች፤ ድምፅ መጨመሪያው ከሞተ ሬዲዮ የመጣ ነው። አዲስ ነገር ቢኖር ባትሪው ብቻ ነው። ሬዲዮ ጠጋኙ አጎቷ ንድፉን በደረሰኝ ጀርባ ስሎ ሰጥቷት፣ «ይቺ ለጆሮ ማዳመጫ የምትበቃ ማጉያ ናት፤ ሰርግ አታስጨፍሪባትም» ብሏት ነበር።

ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ቃል ነው። የልብስ ንጽሕና ቤት ሠራተኛ የነበረች ሴት መተኮሻ ማሽን እጇን በልቷት አሠሪዋን ከሳለች። የማሽኑ መከለያ መሰበሩ ለሥራ መሪው አስቀድሞ ተነግሮ ነበር ወይስ አልተነገረም? ክርክሩ እሱ ላይ ነው። አብራት የምትሠራው ሴት መስክራለች፤ ግን ድምጿ ከከንፈሯ የማያልፍ ሴት ናት፣ መቅረጫውም ዕድሜ የጠገበ። ጠበቃው «ለሥራ መሪው ነግረውት ነበር ወይ?» ሲላት፣ የሚሰማው የመልሱ ወገብ ብቻ ነው፤ «ነገርኩት» የሚል። ከፊቱ «አል» ይኑር፣ ከኋላው «ም» ይኑር፣ አይለይም። ቃሏን በጆሯቸው የሰሙት ዳኛ ተዛውረዋል። አዲሱ ዳኛ የሚፈርዱት በወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ይፈለጋል።

ነገር ሁሉ እሳቸው ጋ ስለሚያልቅ በሌሉበት «አራት ነጥብ» የሚባሉት የክፍሉ ኃላፊ፣ ጠዋት «‹አልተሰማም› ብለሽ እለፊው» ብለዋታል። ሦስት ወር ሙሉ የተሻለ መሣሪያ ስትጠይቅም ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉት እሳቸው ናቸው። ማለፉ ግን አልሆነላትም።

ባትሪውን አገናኘች፤ ማዳመጫውን አጠለቀች። የንብ ቀፎ የተነካ ይመስል ጆሮዋ ውስጥ እምምም አለባት። ስልኳን አነሳች።

«አጎቴ፣ ይጮኻል።»

«ጣትሽን ቆርቆሮው ላይ አድርጊ።»

አደረገች። «ቀነሰ።»

«በይ ቆርቆሮውን ባዶውን ትተሽዋል ማለት ነው። ከባትሪው ነጌቲቭ አንድ ሽቦ አውጪና እሱ ላይ በይጂው።»

«ቀለሙ አያስይዝም እኮ።»

«ፋቂዋ! ቢላ የለሽም?»

«ፍርድ ቤት ቢላ ይዤ ልግባ?»

አጎቷ ሳቀ። «እንግዲህ እንደምንም። ራስሽ ጀምረሽ በእኔ አታስጨርሺው፤ ደንበኛ ቆሞብኛል» ብሎ ዘጋው።

የቤቷን ቁልፍ አውጥታ ቆርቆሮውን መፋቅ ያዘች። ቁልፉ ያንሸራትታታል፤ እሷም ትመለሳለች። ጥፍር የምታህል ብረት ነጥታ ስትወጣ ሽቦዋን አስቀምጣ በየደችባት። ኮሪደሩ ላይ ከምሳ የሚመለሱ ሰዎች ድምፅ ይመጣል። ማዳመጫውን መልሳ ስታጠልቅ ጩኸቱ የለም፤ ጸጥታው ራሱ ጠራ ያለ ነው።

ቅጂውን ከፈተችው። የወንበር ሲጥታ ሰማች፤ ወረቀት ሲገለጥ ሰማች፤ ከዚህ በፊት እንዳለ እንኳ የማታውቀው ሰው አሳለ። ጠበቃው ጠየቀ። ድምፅ መጨመሪያውን ቀስ አድርጋ አዞረችው።

«አልነገርኩትም።»

«አል»ም አለ፤ «ም»ም አለ። እጇ ማቆሚያው ላይ ደርሶ ቀረ። በደጉ ልቧ «ነገርኩት» ብላ ብትጽፍ ኖሮ ውሸት በሆነ ነበር፤ አሁን ደግሞ እውነቱን ለማግኘት ይህን ያህል ደክማ ከሳሿን ሴት ልትቀብራት ነው። ያም ሆኖ አላቆመችውም። ዝምታ ነው እያለች ሁልጊዜ የምታልፋት ቦታ ገና አላለቀችም ነበር። መጨመሪያውን እስከ ጥጉ አዞረችው።

«የተጎዳችው ራሷ ናት የነገረችው። ሁለቴ። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር... ፈርቼ ዝም አልኩ።»

መልሳ ሰማችው። አሁንም መልሳ ሰማችው። ከዚያ ከመጀመሪያዋ «አል» ጀምራ፣ የሚጎዳውንም የሚጠቅመውንም፣ አንድ ቃል ሳታስቀር ጻፈች።

«ምንድን ነው የሚሸተው? ቢሮውን ልታቃጥዪው ነው?» ኃላፊው በሩ ላይ ቆመዋል። ሽቦውን አዩ፤ ቆርቆሮውን አዩ። «‹አልተሰማም› ብለሽ እለፊ አላልኩም?»

«ብለዋል ጌታዬ። ግን ተሰማ።»

«በብስኩት ቆርቆሮ?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ወረቀቱ ያልተባለ እንዳይዝ ብዬ ነው።» ከወንበሯ ተነስታ ማዳመጫውን ዘረጋችላቸው። «ይስሙትና እርስዎ ይፍረዱ።»

እንደ ቆሙ አንዱን ጆሮ ብቻ አስጠጉ። ትንሽ ቆይተው ሁለቱንም አጠለቁት። ሲያልቅ በእጃቸው «መልሺው» የሚል ምልክት ሰጧት፤ እሷም መለሰችላቸው። ወንበሯን ስበው ተቀመጡና ማዳመጫውን በሁለት መዳፋቸው ጫን አድርገው ያዙት።

ገልባጮቹ እየተሳሳቁ በሩን ከፈቱት። ኃላፊው ቀና ሳይሉ አንድ እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ፤ ሁሉም ባለበት ቀጥ አለ።