ሙያ፦ አዝማሪ

ጋሽ ቸኮል ለመታወቂያ ሲመላለሱ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ማሲንቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በጎፋ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊዋ ፊት ተቀመጡ።

«ሙያ በሚለው ላይ አዝማሪ ብዬ አልጽፍም» አለች ጸሐፊዋ። «የፊውዳል ሎሌ ያስመስላል።»

«አዝማሪማ ‹ዘመረ› ከሚለው የመጣ ነው፤ ምስጋና ነው። ስሙ ሎሌ ከሚል ቃል የወጣው የእንግሊዞቹ አዝማሪ ነው። ‹ሚንስትረል› ይሉታል። አስተማሪዋ ልጄ ከመዝገበ ቃላት አንብባልኛለች።»

«ለማንኛውም ከነገ ጀምሮ የቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ ገብተዋል። በየስብሰባው ጓድ ሊቀመንበሩን እያወደሱ ይዘፍናሉ። እምቢ ማለት አይቻልም።»

ጋሽ ቸኮል የማሲንቋቸውን ጭራ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉና ውጥረቱን ቀስ ብለው አላሉ።

«እንግዲያው» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «የእንግሊዞቹን ቃል ጻፊልኝ።»