የደረበ ሪሲቨር

ልጇ ደረበ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ለቤታቸው ሁለት ትልልቅ ስፒከር ገዝቶ፣ "ስፒከሮቹን የሚያጮኸውን ሪሲቨር አንቺ ምረጪ፤ ቅዳሜ ስመጣ ፊልም እንደ ሲኒማ ቤት እናያለን" ብሏት ነበር የሄደው። አርብ ከሰዓት እናቱ የጎረቤቷ የአያልቅበት የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባች።

"ይሄኛው ጥሩ ነው፣ እትዬ። ይውሰዱት" አላት አያልቅበት፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

"ድምፁን ሳልሰማ? እኔ ድንች እንኳ አገላብጬ ነው የምገዛው። ክፈተው!"

"መብራት የለም።"

"ታዲያ ያ ማራገቢያ በጸሎት ነው የሚዞረው?"

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። "ዛሬ ይቅርብዎት፣ በሞቴ" አላት።

እሷ ደግሞ አንዴ እምቢ ካለች እምቢ ናት። በባንኮኒው ላይ ተንጠራርታ ከሱቁ ስፒከር ጋር የተያያዘውን ሪሲቨር ራሷ ሰካችው፤ ድምፁንም እስከ መጨረሻው አዞረችው። የሠርግ ዘፈን ሱቁን አናወጠው።

"እንዲህ ነው እንጂ! ልጄ የሚወደው እንዲህ ሲጮህ ነው" አለችና ትከሻዋን ነቅነቅ ነቅነቅ አደረገች።

የዕድሩ ዳኛ ከመንገድ ማዶ እየሮጡ መጥተው ሶኬቱን ነቀሉት። እሷን ሰላም እንኳ አላሏትም፤ አያልቅበት ላይ ጮኹበት።

"አንተ! መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ ነው አልተባባልንም? እንዴት እሷ ፊት ዘፈን ትከፍታለህ?"

"የማን መርዶ?" አለች ሴትዮዋ።

አያልቅበት ባንኮኒውን ዞሮ መጣና በሁለት እጁ ደግፎ ያዛት።